«ደህና ነኝ» ያለችው መምህርት

ሬሳው የተገኘው በሦስተኛውና በሁለተኛው ፎቅ መካከል፣ ደረጃው በሚታጠፍበት ጠባብ ወለል ላይ ነው። ሟቿ ሃምሳ ዓመት ያለፋት የሒሳብ መምህርት ነበረች። ከበላይዋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ትልቅ ወረቀት «ከትናንት ዛሬ ደህና ነኝ!» ይላል፤ ከጽሑፉ ሥር አንዲት ሴት እየሳቀች ደረጃ ስትወጣ ተሥላለች። መርማሪዋ መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥላ ሬሳውን አየች። ሃያ ሁለት ዓመት ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ባለ ጽሑፍ ሥር የወደቀ ግን አይታ አታውቅም።

ባልደረቦቿ «መርፌ» ነው የሚሏት። ቀጭን ስለሆነች ብቻ ሳይሆን ሳትወጋ ስለማትወጣም ጭምር ነው። ተንበርክካ የሟቿን ጫማ ገልበጥ አደረገችው። አዲስ የስፖርት ጫማ ነው። ሶሉ ነጭ ነው፤ ቁጥሩ የተጻፈባት ክብ ወረቀት እንኳ ገና አልተላጠችም።

«ይህ ጫማ መሬት ረግጦ አያውቅም» አለች።

የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ ተጠጋት። «ራሷ ላይ ያለው ስብራት ከባድ ነው፤ ደም ግን አልፈሰሰም ማለት ይቻላል። ስትወድቅ በሕይወት አልነበረችም። ዓይኖቿ ውስጥ የደም ነጠብጣብ አለ። በትራስ ወይም በመሰለው ነገር ታፍና ነው።»

«መቼ?»

«ከምሳ በኋላ። ሁለት ሰዓትም አይሞላው።»

ሕንጻው የጥናት ማእከል ነው። እዚህ የተኙት አርባ ሰዎች በሽታቸው ድካም ነው፤ ያውም ተኝተው የማይወጣላቸው ድካም። ሸሚዝ ያጠበ ሰው ሦስት ቀን የማይነሳበት፣ ብርሃን እንደ እሾህ የሚወጋበት ዓይነት። ጥናቱ የሚለው፣ ሕክምናው በየቀኑ እየጨመረ የሚሄድ እንቅስቃሴ ነው። ነገ ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ እነሱ ካጸደቁት ሕክምናው ለበሽተኛ ሁሉ ይታዘዛል።

መርማሪዋ በሽታውን አውቀዋለሁ ባይ ነበረች። ታላቅ እህቷ ከአልጋ ከዋለች ሦስት ዓመቷ ነው። መርማሪዋ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ «እታለም፣ ተነሺና ፀሐይ ሙቂ እንጂ! ተኝቶ የዳነ አለ?» ትላታለች። እህቷም ወደ ግድግዳው እንደዞረች «እሺ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። መርማሪዋ ሥራዋ ይረፍድባትና ትሄዳለች።

ጥናቱን የሚመሩት ፕሮፌሰር ሽበታም፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ናቸው። ከተቀመጡበት ሲነሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ከሁሉም የተሻላት እሷ ነበረች» አሉ፤ ግድግዳው ላይ ወደ ላይ የሚወጣውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ። «ይኸው፣ ባለፈው ሳምንት አራት ደረጃ። ከምድር እስከ ጣራ ማለት ነው! ዊልቸሯን ከመለሰች ስድስት ሳምንት ሆኗታል። ለብቻዋ ልትለማመድ ወጥታ አዳልጧት ይሆናል።»

«በሽተኞቹን ይጎበኟቸዋል?»

«በፍጹም! ካየኋቸው ላዳላ እችላለሁ። እኔ የማየው አሰልጣኙ የሚሞላውን ቅጽ ብቻ ነው። ንጹሕ ጥናት የሚባለው እንዲያ ነው።»

«ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ብቻዬን።»

አሰልጣኙ ፊሽካ በአንገቱ ያንጠለጠለ ጎረምሳ ነው። መርማሪዋ ቅጾቹን ፊቱ ዘረጋቻቸው። «መምህርቷ አራት ደረጃ ወጣች ይላል።»

«ቅጹ ላይ ካለ…»

«የቅጹን ቅጹ ይመልስልኛል። እኔ አንተን ነው የጠየቅሁት።»

ላብ ግንባሩን ወረሰው። «አራት ደረጃ ነው እኮ፣ ኢንስፔክተር። እንዲህ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» አለ፤ እግሩን አንድ በአንድ እያነሳ። «ከዚያ እዚያው ተቀመጠች። ያውም በነጠላ ጫማ ነው፤ ስፖርት ጫማውን ጎንበስ ብላ ማሰር አቅቷት ካርቶኑ ውስጥ ተወችው። ቅጹ የሚለው 'ደረጃ' ብቻ ነው። እኔ መርገጫውን ቆጠርኩ፤ ፕሮፌሰሩ ፎቅ መስሏቸው እልል አሉ። ማረም ፈራሁ። ሥራዬ ነዋ።»

«'ተሽሏታል' የሚለውስ?»

«ጠዋት በር ላይ ሆኜ 'ደህና ነሽ?' እላለሁ። 'ደህና' ትላለች። ምልክት አደርጋለሁ።»

«ሰው እንዴት ነህ ሲሉት ሌላ ምን ይላል? ቤቱ የተቃጠለበትም ቢሆን መጀመሪያ ደህና ነው የሚለው!»

አሰልጣኙ አንገቱን ደፋ። ከምሳ በኋላ አንዲት በሽተኛ ግቢ ውስጥ አስቀምጦ ሲጋራ ሊያጨስ ለሩብ ሰዓት ጠፍቶ እንደነበርም ሳይጠየቅ ተናዘዘ።

የመምህርቷ ክፍል ከታች፣ ከግቢው እኩል ነው። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው፤ ክፍሉ ድብዝዝ ብሏል። ነርሷ በር ላይ ቆማ ወደ አልጋው ጎን ስትመለከት ክው አለች።

«ወንበሯስ?» አለች።

«መልሳለች ይባላል፣ ሲስተር።»

«በወረቀት ነዋ! ያለ ዊልቸር መጸዳጃ ቤት እንኳ አትደርስም። በስድስት ሳምንት ውስጥ እዚህ ግድግዳ ሥር ካልሆነ የትም ውሎ አያውቅም። ደብቄ የመለስኩላት እኔ ነኝ፤ ከተባረርኩም ልባረር።»

«ከምሳ በኋላ የት ነበርሽ?»

«ፋሻ ስጠቀልል። ብቻዬን። ምስክር የለኝም።»

ዊልቸሩ ሦስተኛ ፎቅ ተገኘ፤ ከሊፍቱ አጠገብ ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ ታጥፎ በቁጥሩ ተራ ቆሟል። መርማሪዋ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ብሂል በየቀኑ የምትኖረው ሰው ናትና የመቀመጫውን ትራስ ብድግ አደረገችው። ከሥሩ ደብተር ነበር። የሒሳብ መምህርት ናትና በማስመሪያ ለሁለት ከፍላዋለች፤ በአንደኛው «ያልኩት»፣ በሌላው «የሆንኩት»። መርማሪዋ አንዱን ገጽ አነበበች።

ያልኩት፦ ደህና። የሆንኩት፦ ጸጉሬን ማበጠር አቃተኝ።

ያልኩት፦ ደህና፣ ተመስገን። የሆንኩት፦ ማንኪያው ከበደኝ።

መርማሪዋ ደብተሩን ከደነችው።

ከመምህርቷ ጎን ያለው አልጋ የአንዲት ልብስ ሰፊ ነው፤ አሰልጣኙ ግቢ ውስጥ ትቷት የሄደው እሷን ነበር። ሻሿን ዓይኗ ላይ አድርጋ ተኝታለች። ድምፅዋ አይሰማም።

«እንዴት ነሽ፣ እህቴ?»

«ደህና።» ትንሽ ቆየችና «ደብተሩን አገኙት?» አለች።

«አግኝቼዋለሁ። ማን ያውቅ ነበር?»

«ሁሉም። ሰውን ከጀርባው አላማም ብላ ነገ ለገምጋሚዎቹ እንደምታነበው ለሲስተርም ለአሰልጣኙም ነገረቻቸው። ለፕሮፌሰሩም ደብዳቤ ጻፈችላቸው። የሁላችንንም እያንሾካሾክን አስመዝግበናል።»

«ለምን ራሳችሁ አትናገሩም?»

«የባሰበት ሰው 'በፈቃዱ ያቋረጠ' ተብሎ ከቁጥሩ ይወጣል። የመዳን ፍላጎት የለውም ይሉታል። ስድስት ሰዎች እንደዚያ ሄዱ። የቀረነው ደህና የምንለው ነን።» ሻሿን ከዓይኗ ገለጥ አደረገች። «ነገ በእሷ ምትክ ደረጃውን ለእንግዶቹ ወጥቼ የማሳየው እኔ ነኝ። ባለፈው አንድ ፎቅ ወጥቼ ወር ሙሉ አልተነሳሁም። እጄ ከዚያ ወዲህ መርፌ አልያዘም። ነገ ከወጣሁ የምመለስ አይመስለኝም፣ እትዬ።»

መርማሪዋ ደብተሩን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች። ይህ ሞት «የዳነች በሽተኛ አዳልጧት ወደቀች» ተብሎ ከተዘጋ ይቺ ሴት ነገ ደረጃው ሥር ትቆማለች።

ምሽት ላይ ሁሉንም በፕሮፌሰሩ መሰብሰቢያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ልብስ ሰፊዋን ነርሷ በዚያው ዊልቸር ገፍታ አመጣቻት። ወደ ላይ የሚወጣው መስመር ከራሳቸው በላይ ተሰቅሏል፤ ከእሱ በስተቀር በክፍሉ ውስጥ ቀና ያለ አልነበረም።

«መምህርቷ አልጋዋ ላይ ታፍና ሞተች» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ሦስታችሁም ደብተሩን ትፈሩታላችሁ። ሲስተር የደበቀችው ወንበር ይወጣባታል፣ አሰልጣኙ ያላረመው ቁጥር ይወጣበታል፣ ፕሮፌሰር ደግሞ ጥናታቸው ይፈርሳል። ሦስታችሁም ብቻችሁን ነበራችሁ። ስለዚህ ገዳዩ ምን ፈራ ማለቱን ትቼ ምን አመነ ብዬ ጠየቅሁ።»

የሟቿን አዲስ ጫማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ገዳዩ ከካርቶን አዲስ ጫማ አውጥቶ አጫማት። አሰልጣኙ ግን በነጠላ ጫማ እንደምትሄድ ያውቃል። ሲስተርም ታውቃለች። ከዚያ በዊልቸሩ አስቀምጦ በሊፍት አውጥቶ ከደረጃው ወረወራት። ቆይ፣ ለምን ደከመ? በሽተኛ አልጋዋ ላይ ሞታ ብትገኝ ማን ይጠይቃል? እሷን የሚያውቅ ሰው ቢሆን እዚያው ይተዋት ነበር። ደረጃ ላይ ስትገኝ የሚያውቃት ሁሉ 'እንዴት ደረሰች?' ብሎ እንደሚጮህ ያውቃላ!»

አሰልጣኙ ፊሽካውን ጨብጦ ቀረ።

«በመጨረሻ ዊልቸሩን ዕቃ ቤት አስገባው። ሲስተር ብትሆን አልጋው ጎን ትመልሰው ነበር፤ ቦታው እዚያ ነው። ዕቃ ቤት የሚሆነው በወረቀት ብቻ ነው።» ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረች፤ ድምፅዋን ዝቅ፣ አነጋገሯንም ተራ አደረገችው። «ፕሮፌሰር፣ ወንበሩን አልጋዋ ጎን ሲያዩት ግን አልገረመዎትም?»

«ከዕቃ ቤት አውጥቶ የረሳው ሰው አለ ብዬ…»

ቃሉ አፋቸው ላይ ደረቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሊመልሱት አልቻሉም።

ነርሷ «ወይኔ!» ብላ አፏን ያዘች።

«እሷ ድናለች!» ብለው ተነሱ ፕሮፌሰሩ፤ ያ ለስላሳ ድምፅ ተሰነጠቀ። «ሃያ ዓመት ሙሉ የለፋሁበትን በአንድ ደብተር ልታፈርሰው! አራት ደረጃ ወጥታለች!»

«አራት መርገጫ ነው፣ ጌታዬ» አለ አሰልጣኙ፤ ያለቅስ ነበር። «መርገጫ።»

«ሃምሳ ቀን ተከታትላ ደህና ነኝ ብላለች! አንድም ቀን ሳታጓድል! ቅጹ አለ!»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ ፕሮፌሰር» አለች መርማሪዋ። «እሷ ግን አልደበቀችም። እርስዎ ነዎት በትህትና ለመለሰችው ሰላምታ መስመር የሠሩለት። የማያምን ሰው ቢገድላት ኖሮ ምናልባት አላገኘውም ነበር። እርስዎን ያስያዘዎት ማመንዎ ነው።»

ሲወስዷቸው እንኳ ዓይናቸው ከመስመሩ አልተነቀለም። ደብተሩ በማስረጃ ተመዝግቦ ቅጂው ለገምጋሚዎቹ እንዲደርስ መርማሪዋ ፈረመች። ልብስ ሰፊዋ ነገ ምንም ደረጃ አትወጣም። ይህን ስትሰማ አላመሰገነችም፤ ሻሿን ዓይኗ ላይ መልሳ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

መርማሪዋ ቤቷ ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ በእህቷ ክፍል በር ላይ ቆመች። መጋረጃው ተዘግቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ የተዘጋውን መጋረጃ ዛሬ ገና ያየችው መሰላት።

«እታለም፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

እንደ ወትሮው አልሄደችም። ወንበር ስባ አልጋው ጎን ተቀመጠች። «እሱን ተይው። ያልሽውን ሳይሆን የሆንሽውን ንገሪኝ። እሰማለሁ» አለቻት።

እህቷ ፊቷን ቀስ ብላ ከግድግዳው መለሰች።

«ጸጉሬን ካበጠርኩ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኔ ነው» አለች።

መርማሪዋ ተነስታ ማበጠሪያ ፈለገች።