አልራመድ ያሉት ቤቶች

ሐይቁ ሞልቶ ደጃፍ ሲደርስ የዳቤ ከተማ ቤቶች በስድስት የብረት እግራቸው ተነሥተው ወደ ዳገቱ ፈቀቅ ይላሉ። ሰዉ ቁርሱን እየበላ ይጓዛል፤ ውሃው ሲጎድል ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል። ዘንድሮ ግን ሐይቁ እንደማይመለስ ስለታወቀ፣ የከተማው ምክር ቤት ለሕዝበ ውሳኔ የሚቀርብ ጥያቄ አዘጋጀ፦ «የምሥራቁ ዳርቻ ለሐይቁ ተለቆ፣ ነዋሪው ለዘለቄታው ተረተሩ ላይ ይስፈር ወይ?»

ጥያቄውን ያረቀቀችው የምክር ቤቱ ጸሐፊ ምንትዋብ ነበረች፤ እሷም የዳርቻው ነዋሪ ናት። ሕዝቡ ከመምረጡ በፊት ይየው ተብሎ አንድ ቀን ጠዋት የሙከራ ጉዞ ታዘዘ። አንድም ቤት ንቅንቅ አላለም።

«ምን ተበላሸ?» አሉ ሰብሳቢው አቶ ደርቤ፣ ግንባራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ።

«እግሮቹ ደህና ናቸው፤» አለ መሐንዲሱ ቡልቻ። «ያገዳቸው ልብ-ሰሚው ነው።»

ልብ-ሰሚ በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ መሣሪያ ነው። የነዋሪውን የልብ ምትና ትንፋሽ ያዳምጣል፤ ውስጥ ያለ ሰው ክፉኛ ከተጨነቀ ቤቱ እንዳይነሣ ይይዘዋል። የተሠራው ለወላድና ለሕመምተኛ ታስቦ ነበር።

«ታዲያ አገሩ ሁሉ ታመመ? ስንጠይቃቸው እንሄዳለን ብለዋል እኮ!»

«በአፋቸውማ ብለዋል።»

አቶ ደርቤ በመስኮቱ ቁልቁል አዩ። ውሃው ከተገመተው ቀድሞ የፊተኞቹን ቤቶች እግር መንካት ጀምሯል። «አጥፉት ልብ-ሰሚውን! ከሚሰምጡ እየጮኹም ቢሆን ይውጡ።»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ ወርጄ ላነጋግራቸው፤» አለች ምንትዋብ።

መጀመሪያ ያገኘችው እትዬ ዘርፌን ነው። ለዓመታት ሲጎራበቱ ከሰላምታ በቀር ተነጋግረው አያውቁም።

«እትዬ፣ መሄድ አይፈልጉም እንዴ?»

«ኧረ እፈልጋለሁ፤ ከዓሣ ጋር ልኑር? ግን ቦታው በዕጣ ነው አሉ። እኔ ሲያመኝ ግድግዳውን ስደበድብ የምትደርስልኝ የጎኔዋ ጎረቤቴ አበሩ ናት። እዚያ ማን ይሰማኛል?»

«ይህን ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ? ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ፣ ያላችሁኝ ይኸው ነው።»

በየደጁ የሰማችው ተመሳሳይ ነበር። ለአቶ ደርቤ ደውላ ዕጣው ቀርቶ ሰው ጎረቤቱን ይምረጥ አለቻቸው። ጥያቄው ታትሟል ብለው ተቆጡ፤ እሷም ሐይቁ ማተሚያ ቤት አይጠብቅም ብላ መለሰች። በመጨረሻ ዕጣው ቀረ፤ ሁሉም አጠገቡ የሚፈልገውን ጎረቤት ስም ይጥራ ተባለ። ወሬው ከቤት ቤት ሲዛመት የእትዬ ዘርፌ ቤት አቃስቶ ተነሣ፤ የአበሩ ተከተለው፤ ከዚያ መንደሩ በሙሉ ዳገቱን ተያያዘው።

ምንትዋብም ቤቷ ገባች፤ የእሷ ብቻ ግን ሳይነሣ ቀረ።

«ምን ሆነሻል?» አለ ቡልቻ በስልክ።

«ደህና ነኝ።»

ግድግዳው አላመናትም። ሁሉም ጎረቤቱን ሲጠራ እሷን የጠራ አልነበረም፤ እሷም የምትጠራው ስም አጥታለች። ውሃው በወለሉ ስንጥቅ ሲገባ እግሯን ወንበር ላይ ሰቀለች።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘርፌ ከዳገቱ ተመልሰው ወርደው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እስከ ጉልበታቸው ርሰው ቆመዋል።

«ስምሽ ሲጠራ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ነይ፣ በእግራችን እንወጣለን።»

«ቤቴስ?»

«ተይው፤ ይስጠም!»

እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ከኋላቸው ብረት ተንቋቋ። የጠዋቱ ትእዛዝ አልተሰረዘም ነበር፤ ውስጡም አሁን የሚጨነቅ ሰው የለም። ባዶው ቤት ውሃውን እያራገፈ ብቻውን ይከተላቸዋል።

እትዬ ዘርፌ ሳቃቸው መጣ። ምንትዋብ ግን አልሳቀችም። ስለ መሬቱ ወራት ሙሉ ስትጽፍ ከርማ፣ ሰው መሬት ላይ የሚያርፈው ከማን ጋር እንደሆነ አንድ መስመር አልጻፈችም ነበር።

«ቤትሽን የት ላቁምልሽ?» አለ ቡልቻ በስልክ።

አሮጊቷን ቀና ብላ አየቻቸው። «እትዬ... አጠገብዎ ቢሆን ቅር ይልዎታል?»