ያልታወቀችው አራት በመቶ

የመሐንዲሱ ሬሳ የተገኘው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በሞተር መፈተሻው ክፍል ውስጥ ነው። የጭስ ማውጫው ቱቦ ከግድግዳው ተነቅሎ ጭሱ አፍኖታል፤ በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ቁልፍ ያላቸው ምክትሉና ሽማግሌው መካኒክ ብቻ ናቸው።

ምክትሉ ስምንት ሰዓት ላይ ወጥቶ ስብሰባ ገብቷል፤ ሃያ ሰው አይቶታል። መካኒኩ ሥራ የገባው ያኔ ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ ደግሞ የዘጠኝ ሰዓት ልኬት ተሞልቷል። ሟቹ እስከ ዘጠኝ ከኖረ ሌላ ገዳይ የለም ተባለና ሽማግሌው በካቴና ታሰረ። ሬሳውን ያገኘው እሱ መሆኑን ያሰበለት የለም።

መርማሪዋ እግሯ አንድ ቦታ አይረጋም። ክፍሉን ሦስቴ ዞረችው።

«ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ በሩን ለምን አልከፈቱም?»

«በሩ ላይ ያለው ቀዩ መብራት በርቶ ነበራ፣ ልጄ። ልኬት ላይ በር አይከፈትም። አንድ ቀን ብከፍትበት ሳምንት አኩርፎኛል። አሥር ሲሞላ ግን ሰጋሁና ከፈትኩ።»

የሟቹ እህት እያለቀሰች የወንድሟን ሥራ አስረዳች። ከነዳጁ ሙቀት ስንቱ ሥራ እንደሚሠራ፣ ስንቱ በጭስ፣ በማቀዝቀዣው ውሃና በፍትጊያ እንደሚባክን ያሰላ ነበር። ሠራተኞቹ «አቶ ብክነት» ይሉታል። ትናንት ማታ ግን «ውሸት አልፈርምም» ብሎ ራቱን ሳይበላ ተኝቷል።

መርማሪዋ የቆዩትን ሠንጠረዦች አገላበጠችና ሰዎቹን ሁሉ ሰበሰበቻቸው።

«የጠዋቱን ስሙ። ከመቶው ሥራ ሠላሳ ሁለት፣ ጭስ ሠላሳ ሦስት፣ ውሃ ሃያ አምስት፣ ፍትጊያ ስድስት። የቀረውን አራት ‹ያልታወቀ› ብሎ ጽፎታል። በየቀኑ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ያልታወቀ አለ። በዘጠኝ ሰዓቱ ላይ ግን ያልታወቀው ዜሮ ነው፤ ሥራው ሠላሳ ስድስት ሆኗል። አራቷ እዚያ ገባች። ይህን የሞላው ሟቹ አይደለም።»

«ሽማግሌው ሞልቶት ይሆናላ» አለ ምክትሉ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ራሳቸውን የሚያስከስስ ሰዓት? ሰዓቱን የሚጽፈው ሰው እንጂ ማሽኑ አይደለም። ከስምንት በፊት ገድለህ፣ ዘጠኝ ብለህ ሞልተህ፣ ቆልፈህ ሄድክ። ሊፈርምልህ እምቢ ያለው ሪፖርትህም ይኸው፤ ሠላሳ ስድስት ይላል።»

ምክትሉ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «አራት በመቶ እኮ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ምን ነበረበት ቢፈርም?»

«አምስት ዓመት ሙሉ እሷን ሲፈልግ ነበር» አለች እህቱ።

ካቴናው ከሽማግሌው ወልቆ ወደ ምክትሉ እጅ ዞረ። ሽማግሌው አንጓውን እያሻሸ ወደ በሩ ሄደና እስካሁን የበራውን ቀይ መብራት አጠፋው።