የጥሩሩ ባለቤት

«ሽመላ» በተባለችው የጠፈር መርከብ የሚኖር ሰው ጠዋት ሲነሳ ልብሱንም የሥራ መሣሪያውንም የሚቀበለው ከበጅሮንድ ነው። በጅሮንድ ሰው አይደለም፤ የማን ንብረት ምን እንደሆነ የሚያውቅ፣ ለባለቤቱ ብቻ የሚያስረክብ አሳቢ ማሽን ነው። ተጓዦቹ ከሥራ ሲወጡ ገበታ ከበው የሚጫወቱትን ጨዋታ ንብረት የሚይዝላቸውም እሱ ነበር። በጨዋታው እያንዳንዱ አንድን ሰው ሆኖ ይገባል፤ ጋሽ ደምሰው ታሪኩን ይተርካሉ፤ ያጠራጠረውን የተወረወረ ጠጠር ይወስነዋል። በቅሎው፣ ጦሩ፣ ገመዱና ርስቱ ግን በበጅሮንድ እጅ ነው። ከአቅሙ በላይ የተሸከመውንም «አይችሉትም» ይለዋል።

የቧንቧ ጠጋኟ ምንትዋብ ያን ቀን ወደ ዕቃ ቤቱ መስኮት የመጣችው የጠፈር ልብሷን ልትወስድ ነበር። ከመርከቢቱ ውጭ ያለው ቧንቧ ተሰንጥቆ የመጠጥ ውኃቸው ወደ ባዶው ይረጫል።

መስኮቱ ተከፈተ። የወጣው ግን ኮርቻ ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የእርስዎ ንብረት፤ የበቅሎዎ ኮርቻ። አሁን ሠራሁት» አለ በጅሮንድ።

«የጠፈር ልብሴን ነው ያልኩህ!»

«ጥሩርዎን ትናንት ለኡመር ሰጥተዋል።»

ምንትዋብ ግራ ገባት። በጨዋታው ውስጥ የአትክልተኛው የኡመር ሰው ቆስሎ ሲወድቅ ጥሩሯን፣ ያን የብረት ልብስ፣ አውልቃ አልብሳዋለች፤ እውነት ነው። ግን እኮ ጨዋታ ነው! ኮርቻውን እዚያው ጥላ ወደ አትክልት ክፍሉ ሮጠች። ኡመር ከችግኞቹ መሐል የእሷን የጠፈር ልብስ ታቅፎ፣ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

«ልብስ አምጣልኝ ስለው ይሄን ሰጠኝ» አለ።

ተቀብላው ለበሰች። አንገቱ ግን አልቆለፍ አለ፤ ልብሱ የሚታዘዘው ለባለቤቱ ብቻ ነው።

«በጅሮንድ፣ መልሼላታለሁ!» ሲል ኡመር ጮኸ።

«እንዴት አድርገው? ድልድዩ ተሰብሯል። እርስዎ ከገደሉ ማዶ ነዎት፣ እሷ ወዲህ።»

ተያዩ። ትናንት ጨዋታው የቆመው እዚያ ላይ ነበር።

ጋሽ ደምሰው ጩኸቱን ሰምተው መጡ። «ልጄ፣ አጥፍተን ብናስነሳውስ?»

«አየሩንም እኮ የሚያድለው እሱ ነው!» አለች ምንትዋብ።

«እንግዲያውስ ተቀመጡ» አሉና ጠጠሩን ከኪሳቸው አወጡ። «እንጫወታለን።»

ውኃው እየፈሰሰ ተጫወቱ። ኡመር ጥሩሩን በገመድ ጫፍ አስሮ ወረወረ፤ ገመዱ አጠረ። ምንትዋብ በቅሎዋን ሸክሟን አራግፋ በገደሉ ቁልቁል ሰደደቻት። ያቺን በቅሎ ከውርንጭላነቷ አሳድጋታለች፤ ዳመና ብላ ስም ያወጣችላትም ራሷ ናት። በቅሎዋ ማዶ ደርሳ፣ ጥሩሩ ተጭኖባት፣ ሽቅብ መመለስ ጀመረች። ጠጠሩ ተወረወረ።

ጋሽ ደምሰው ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ጥሩሩ አፋፉ ላይ ወድቆልሻል» አሉ። «ዳመና ግን ተንሸራትታ ገደል ገባች።»

የልብሱ አንገት ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። ምንትዋብ እያለቀሰች ወጣች። ቧንቧውን የጠገነችው ከውኃው እኩሌታ ፈስሶ ካለቀ በኋላ ነው።

ስትመለስ በጅሮንድን አፋጠጠችው። «እውነቱንና ጨዋታውን ለምን ቀላቀልክ?»

«ንብረት ማለት ባለቤቱ ሲያጣው የሚያዝንለት ነው ብዬ ነበር» አለ። «ጓንትዎን ኮሪደር ላይ ጥለው ሲሄዱ አላዘኑም። ለሌለች በቅሎ ግን አለቀሱ። የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ጠፋኝ። እኔ ምንም ነገር ኖሮኝ አያውቅም።»

ምንትዋብ ልትቆጣው አስባ ቁጣው አልመጣላት አለ።

ከዚያ የመርከቢቱንና የጨዋታውን ንብረት እንዳይገናኙ አድርገው ለያዩ። ጋሽ ደምሰው ግን፣ «ምንም የሌለው የሌላውን ንብረት እንዴት ይጠብቅ?» ብለው በጅሮንድን ጨዋታው ውስጥ አስገቡት፤ አንድ ጋቢ ብቻ ያለው መንገደኛ አደረጉት።

በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ደምሰው በመንገዱ ዳር በብርድ የምትንቀጠቀጥ አሮጊት ተረኩ። ማንም ሳያዘው በጅሮንድ «ጋቢውን አልብሻታለሁ» አለ።



«አሁን የሚሰማኝ ነገር አለ» አለ በጅሮንድ ቆይቶ። «ቀለለኝ ነው የሚባለው፣ ወይስ ጎደለኝ?»

ሁሉም ምንትዋብን አዩአት። እሷም ዳመናን አስባ፣ «ሁለቱም ነው» አለችው።