የዙማር ሁለተኛ ዓይን

የሶሊት ወንዝ በአንድ ጀምበር ደረቀ። ማለዳ እንስራ ይዘው የወረዱ ሴቶች አሸዋ ላይ የሚንፈራገጡ ዓሦች አይተው ባዶ እንስራቸውን ይዘው ተመለሱ። በታህሮን መንግሥት እንዲህ ያለ ምልክት ከአያት ከቅድመ አያት ተሰምቶ አያውቅም። ውሃ ፍለጋ ወደ ምንጩ ከወጡት አርባ ሰዎችም አንድ እንኳ አልተመለሰም። ንጉሥ ኤልሐዝ አደባባይ ወጥቶ፣ «የምንጩ ጠባቂ ዙማር ከድቶናል! ማን ይሄድልኛል?» አለ።

በታህሮን አማልክቱን የሚያልሙት ሰዓሊዎች ናቸው። ሰዓሊ ያለመውን በምንጩ ገደል ላይ ይስላል፤ ሕዝቡ ያምንበታል፤ የታመነው ነፍስ ይዘራል። ደግ የሆነው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ክፉው ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። በዚያው ገደል ላይ ሙታንም ይሳላሉ። ምስሉ የተፋቀ ሙት ጭራሽ እንዳልተወለደ ሆኖ ከሰው ሁሉ ልብ ይጠፋል። ታዲያ ይህን ዙማርን ከሰባት ዓመት በፊት አልማ የሳለችው ሌንሳት የምትባል ሰዓሊ ናት።

ሌንሳት አዋጁን ስትሰማ ደረቷ ውስጥ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ወንድሟ ሚካር በጦርነት ከሞተ ወዲህ እንዲሁ ናት። ሰው ሲስቅ ትስቃለች፣ ሰው ሲያለቅስ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፤ ውስጧ ግን ደንዝዟል።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች። «በሶሊት ውሃ እምላለሁ፤ ወንዙን ሳልመልስ ይህን አደባባይ ብረግጥ እጄ ዳግመኛ ብሩሽ አይያዝ።»

«የሚካር እህት ብቻዋን አትሄድም» አለ ጦረኛው አርጋዝ፣ የሟች ወንድሟ ባልንጀራ፤ ጦሩንም ነቅሎ ተከተላት።

ሁለት ቀን ተጓዙ። በጨው ሜዳ ላይ የአመድ ንስሮች ወረዱባቸው፤ አርጋዝ ሦስቱን በጦር ጣለ፣ አራተኛው ትከሻውን ቦጨቀው። እሱ እቴ፣ ደሙን እያበሰም ወሬውን አላቋረጠም።

«ሚካር አንድ ጊዜ የምትስይበትን ከሰል በልቶ፣ ጥርሱን እንዳጠቆረ ንጉሡ ፊት ቀረበ እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ሳቂ እንጂ አንቺ።»

«ያኔ ስቄ ነበር» አለችው።

ሲደርሱ ዙማር የምንጩን አፍ ዘግቶ ተጋድሟል፤ ገላው የአንበሳ፣ ጅራቱ የዓሣ፣ ቁመቱ ኮረብታ ያህላል። በአንድ ጎኑ ትልቅ ዓይን አለው፤ በሌላው ጎኑ ግን ልሙጥ ቆዳ ብቻ ነው። አርጋዝ ጦሩን ወረወረ። ጦሩ ነጥሮ ተመለሰ።

«ሌንሳት ሆይ» አለ ዙማር፣ ገደሉን በሚያንቀጠቅጥ ድምፅ፣ «አለምሽኝ፤ ግማሼን ግን ነሳሽኝ። ሕዝቡ አንድ ዓይኔን አይቶ ክፉ ነው አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰደቡኝ። በመጨረሻ እንዳመኑኝ ሆንሁ።»

«ምንድን ነው የሚለው?» አለ አርጋዝ።

«እውነቱን ነው። ሚካርን አስቀድሜ ሳልኩት፤ ፊት ለፊት፣ ከነትከሻው። ዙማር ጋ ስደርስ የቀረኝ ቦታ ጠባብ ነበር፤ በጎኑ አደረግሁት። ማንም አያስተውልም ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ሌላ ቦታ ሳዪው እንጂ!»

«ገደሉ ሞልቷል። ሌላው ሁሉ የሌላ ሰው ሙት ነው። የእኔ ሚካር ብቻ ነው።»

አርጋዝ ገባው። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔም እረሳዋለሁ?»

«አንተም።»

ካራውን ከወገቡ መዞ ሰጣት።

«የከሰሉን ነገር አንዴ ድገምልኝ» አለችው።

ደገመላት። ንጉሡ ሳቁ አምልጦት ዘውዱን በእጁ እንደያዘ፣ ሚካርም በጥቁር ጥርሱ አብሮ እንደሳቀ፣ ምንም ሳያስቀር ነገራት። በዚህ ጊዜ ሌንሳት ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። ሰባት ዓመት የደነዘዘው ልቧ ነቅቶ ክፉኛ አመማት። እንባዋ ሳይደርቅ የሚካርን ምስል ከእግሩ ጀምራ ፋቀችው፤ ጉንጩን በጥፍሯ ጭምር፣ ዓይኖቹን በመጨረሻ።

በባዶው ቦታ ላይ የዙማርን ፊት አዙራ ሁለተኛውን ዓይን ሳለች። ዙማር ቀና ብሎ በሁለቱም ዓይኖቹ አያት፤ ከምንጩም አፍ ተነሣ። ውሃው እያጓራ ወረደ።

ሲመለሱ አርጋዝ ድንገት ቆመ። «ስንመጣ መንገዱን ሙሉ ሳወራልሽ ነበር። ስለ ማን ነበር?»

«እንጃ» አለች ሌንሳት። ጉንጯ እርጥብ ነው፤ ለምን እንደሆነ አላወቀችም። ደረቷ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ታህሮን በእልልታ ተቀበለቻቸው። እንደ ደንቡ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ውሃ እጁን ሊታጠብ ወንዙ ዳር ተሰለፈ፤ ንጉሡም ሌንሳትን ከፊት አስቀደማት። ጎንበስ ስትል በጥፍሮቿ ሥር የጠይም ገላ ቀለም አየች። በደንብ የተቀመመ፣ የራሷ እጅ ሥራ ነው። የማን ጉንጭ እንደነበረ ብታስብ ብታስብ አልመጣላትም።

«ታጠቢ እንጂ» አላት ንጉሡ።

እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«በኋላ እታጠባለሁ» አለችው።