ፉጨቱ እስኪጀምር

ሬሳው የኮምፒውተር ማሽኖቹ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሥር ተደፍቷል፤ ጥፍሮቹ ደምተዋል። እጀታው ከውጭ በገመድ ተጠፍሯል። ከበሩ ውጭ ግድግዳው ላይ ያለው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ መልቀቂያም ተስቧል። ጋዙ እሳት የሚያጠፋው አየር ነፍጎ ነው፤ ሰውንም እንደዚያው።

ሟቹ መሥሪያ ቤቱ ሊገዛ ያሰበውን የመረጃ ማከማቻ ማሽን የሚያወዳድር ባለሙያ ነበር። ሁለት ሻጮች ሁለት ማሽን አስገብተው፣ «ሙሉ በሙሉ ፍላሽ ነው፤ የሚሽከረከር ዲስክ የለበትም» ብለው ምለውለታል።

ካቴና የገባለት ግን ኤሌክትሪሺያኑ ነው፤ የሟቹ የእህት ባል። ጋዙን የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ከሟቹም ጋር ተኳርፈው ነበር።

«ባለቤቴ ወንድሜን ገደልክ ብላ ልጆቹን ይዛ ሄደች» አለ ለመርማሪው። «እኔ ጣሪያ ላይ ነበርኩ፣ አባቴ። ስልክ እንኳ አታነሳልኝም።»

መርማሪው ሽማግሌ ነው። ከመናገር መስማት ስለሚወድ ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል።

«ጋዙ ሲለቀቅ ምን ይላል?»

«ያፏጫል። ጆሮ ይበጥሳል። የሚሽከረከር ዲስክ እንኳ አይችለውም፤ ይንቀጠቀጥና ይበላሻል።»

ጆሮ ከሁለቱ ሻጮች መጀመሪያ ሴቷን ጠየቀ።

«ምሳ ቤት ነበርኩ» አለች እያለቀሰች።

ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ራሰ በራውን ሻጭ ጠየቀ።

«መኪናዬ ውስጥ እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር። ምስኪን! … ማሽኔን ዛሬ ልውሰደው?»

«ሬሳው ሳይነሳ?»

«ንብረት ነው እኮ፣ ጋሼ።»

ጆሮ ወደ ክፍሉ ገባ። የሻጯ ማሽን ይሠራል። የመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ባለ ዲስክ ማሽን መብራቱ ጠፍቶ ጨልሟል። የራሰ በራውም ጨልሟል። ከዚያ ዞሮ በሩ ላይ ያለውን፣ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያሳይ ጠባብ መስታወት ትኩር ብሎ አየ።

ሁለቱን ሻጮችና ኤሌክትሪሺያኑን እዚያው ሰበሰባቸው።

«ፍላሽ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ ፉጨት ምን ያደርገዋል?» አለ። «የእሷ ተረፈ፤ ይገባኛል። አሮጌው ሞተ፤ እሱም ይገባኛል። ያንተ ለምን ሞተ?»

«አጋጣሚ ነዋ!»

«እንግዲያ ድሮውንም የሞተ ዕቃ ነው ያመጣኸው።»

ማሬ መረረ የሚል ነጋዴ የለም። የራሰ በራው የአንገት ሥር ተገተረ።

«የሞተ? የኔ ማሽን? ፉጨቱ እስኪጀምር መብራቱ አረንጓዴ ነበር!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

«መኪና ውስጥ አልነበርክም» አለ ጆሮ ቀስ ብሎ። «በዚህ መስታወት ታይ ነበር። መብራቱ ሲጠፋ አየህ። እሱም በሩን ሲቧጥጥ አየኸው።»

ማሽኑ ተፈታ። ከፊት ጥቂት ፍላሽ፤ ከኋላ ዲስክ ተጠቅጥቋል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ሟቹ የጎረጎረው ይህን ነበር።

ኤሌክትሪሺያኑ ካቴናው ሲወልቅለት ለባለቤቱ ደወለ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሳ።

«እኔ አይደለሁም» አለ።

ከወዲያ የመጣለት ልቅሶ ብቻ ነው። ግን አልዘጋችውም።