በባዶ እጅ የተነካ ብረት

ይሄ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ማታ አይደለም። መብራት ጠፍቶ አይደለም። ሕልምም አይደለም።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት። በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ ዐይኔ።

ማመን አለማመን የናንተ ፈንታ ነው። እኔ እንደሆነ እመኑኝ ብዬ ሰው ተለማምጬ አላውቅም።

ግቢያችን ውስጥ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ቆሟል። የባሌ ነበር።

ባሌ ሹፌር ነበር። የሞተውም እዚያው መኪና ውስጥ ነው... አደጋ ደርሶበት ግን አይደለም። ከሥራ ገባ፣ መኪናውን አቆመ፣ አልወረደም። ምሳ አቅርቤ ብጠራው ዝም። ሞተሩ እንደበራ ነው።

ሄጄ አየሁት።

መሪው ፊት ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ያያል። ግራ እጁ እንደ ልማዱ በመስኮቱ ወጥቶ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

እጄን አስገብቼ ቁልፉን አዞርኩት። ሞተሩ ጠፋ።

ያን ቀን እኔም ውስጥ የሆነ ነገር አብሮ ጠፋ። አላለቀስኩም። "ይቺ ሴትዮ አንጀቷ ድንጋይ ነው" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ድንጋይ አልነበረም። ብዙ ተቀምጣችሁበት የደነዘዘ እግር የራሳችሁ አይመስልም አይደል? እንደሱ ነው። እስካሁንም እንደሱ ነኝ።

ስለዚያ ግራ እጁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትንሿ ጣት የለችውም። ድሮ የመኪናው ስፖንዳ፣ የጭነቱ የጎን መዝጊያ፣ ወድቆባት ተቆርጣለች። "የቀለበቷ ተርፋለች፣ አንቺ ምን ጎደለብሽ?" ይለኝ ነበር ሲቀልድ።

ሌላም ነገር አለ። ወደ ኋላ ሲነዳ ረዳቱ እኔ ነበርኩ። የመኪናውን ጎን በመዳፌ እመታለታለሁ። አንድ ጊዜ ከመታሁ ቁም ነው። ሁለት ጊዜ ከመታሁ ሂድ። ልጃችን ሳይቀር አፉን የፈታው በዚያ ነው። ጓ፣ ቁም። ጓ ጓ፣ ሂድ።

እሱ ከሞተ በኋላ መኪናው ሸራ ለብሶ ዓመታት ቆመ። ዝገት ወረሰው።

ልጄ አደገ። መንጃ ፈቃድ አወጣ። አንድ ቀን እቃ ሳጥብ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"እማ፣ ወይ መኪናውን ስጪኝ፣ ወይ ከጓደኞቼ ጋር ልሂድ።"

"የት?"

"ባሕሩን እንሻገራለን።"

ከሰፈራችን በዚያ መንገድ የሄዱ ልጆች አሉ። እናቶቻቸው ቤት ስገባ ግድግዳው ላይ ፎቶአቸውን አያለሁ። የቀረው ፎቶው ነው። እኔ ያለኝ ደግሞ ይሄ አንድ ልጅ ነው።

"መኪናውን ውሰድ" አልኩት። "ዝገቱን ግን የማነሳው እኔ ነኝ።"

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ካልኩ ግን አልኩ ነው።

ቀለሙን የሚቀባልን ጎረቤታችን ነው። ፊቱም ልብሱም ላይ ቀለም እንደተፈናጠቀበት ስለሚውል ሰፈሩ ቡራቡሬ ይለዋል። መጥቶ መኪናውን ዞረው።

"እትዬ፣ ይሄን ዝገት ካነሱት መኪናውም አብሮ እንዳይነሳ።"

"አንተ ቀለምህን አዘጋጅ። የቀጠርኩት እጅህን ነው፣ አፍህን አይደለም።"

ሳቀ። በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው።

"ላይ ላዩን ነው፣ ብረቱ ደህና ነው። በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉት፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት። ብረቱ ነጭ ሲል ያንኑ ቀን አንቲረስቱን ይቀቡት። ዝገት የሚከለክለው እሱ ነው። ባዶውን እንዳያድር።"

"ቢያድርስ?"

"መልሶ ይዝጋላ። በተለይ በባዶ እጅ እንዳይነኩት። ላብ አለ። የነኩበት ቦታ ጠዋት እንደ ማኅተም ቁጭ ይልልዎታል።"

የራሱን ጓንት ሰጥቶኝ ሄደ።

እኔ ግን አንቲረስቱን በየቀኑ አልቀባሁም። ጋቢናውን በሙሉ ጨርሼ በአንዴ ነው የምቀባው አልኩ። ሲያዙኝ አልወድም።

መጀመሪያ የጋቢናውን ጀርባ ያዝኩ። የሽቦ ብሩሹ ሲፋቅ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ቀይ ዱቄት እየበነነ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፣ ምራቄ ብረት ብረት አለኝ። ዝገቱ ሲነሳ ከሥር ብረቱ ብቅ አለ። ነጭ፣ ንጹሕ... ማንም ያላየው ነገር ይመስላል።

ጨርቅ አሻሸሁበት። ሸራውን መልሼ አለበስኩት። የግቢውን በር ቆለፍኩ።

ጠዋት ሸራውን ገለጥኩ።

ብረቱ ላይ እጅ አለ።

የዝገት እጅ። መዳፉ፣ ጣቶቹ፣ የመዳፉ መስመር ሳይቀር... ቁጭ ብሏል።

ልጄን ጠራሁት።

"ነክተኸዋል?"

"ኧረ አልነካሁም።"

"ማን ነካው ታዲያ?"

"ድመቷ ትሆናለች።"

"የኛ ድመት ይሄን የሚያህል መዳፍ አላት? በጥፊ ብላኝ አታውቅም።"

ሊስቅ ከጀመረ በኋላ ተወው። ቀረብ አለ። እጁን ሳያስነካ በትይዩ ያዘበት። የሱ እጅ ያንሳል።

"እማ..." አለ በሹክሹክታ።

"አቤት።"

"አራት ነው።"

"ምኑ?"

"ጣቱ።"

አይቼዋለሁ። ገና ሸራውን ስገልጥ ነው ያየሁት። ዝም ያልኩት እሱ ይለው እንደሆነ ብዬ ነው።

"ግን የአባዬ አይደለም" አለ ቶሎ ብሎ። "ይሄ ቀኝ እጅ ነው። የአባዬ የጎደለችው የግራው ናት።"

እውነቱን ነው። አውራ ጣቱ በግራ በኩል ነው። እስቲ ቀኝ መዳፋችሁን ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ አውራ ጣታችሁ በግራ ይሆናል። የባሌ ቀኝ እጅ ደግሞ ምንም አልነበረበትም።

"በል፣ ሥራህን ሥራ" አልኩት።

በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ጠፋ።

ያን ቀን የጋቢናውን ጎን ጨረስኩ። ሸራ አለበስኩ። በር ቆለፍኩ።

ጠዋት እጁ ጎኑ ላይ ነበር።

የቀድሞው ቦታ ላይ ምንም የለም። አዲስ በገለጥኩት ላይ ነው የመጣው። ያንንም አጠፋሁ። የሞተሩን ክዳን፣ ኮፋኖውን ፈገፈግኩ... በማግስቱ ኮፋኖው ላይ።

ዝገቱን ባነሳሁለት ቁጥር አብሮኝ ይመጣል።

ፈርተሽ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አልፈራሁም። መፍራት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ፍርሃቱ የሆነ ቦታ ቆሞ ያየኛል፣ እኔ ጋ ግን አይደርስም።

ቡራቡሬን ጠርቼ አሳየሁት።  ጋቢናው ውስጥ ወጣና በሩን ዘጋ። መስታወቱን ከፍ አድርጎ ግራ እጁን ከውስጥ ለጠፈበት። ትንሿን ጣት አጥፏታል።

"እትዬ፣ ከውጭ ሆነው ይዩ። አውራ ጣቴ በየት ነው?"

በግራ ነው።

ቀኝ እጅ ይመስላል።

ወረደ። ፊቱ ላይ ካለው ቀለም በቀር መልክ አልነበረውም።

"ይሄ ከውጭ የተነካ አይደለም" አለ ቀስ ብሎ። "ከውስጥ ነው።"

"ከጋቢናው ውስጥ?"

"ከብረቱ።"

የአንቲረስቱን ቆርቆሮና ብሩሹን አምጥቶ ደጃፌ ላይ አስቀመጠ። ቀለሙንም። "እርስዎ ይቀቡታል፣ ከባድ አይደለም" አለኝ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል።

የቀረኝ የሹፌሩ በር ብቻ ነበር።

በማግስቱ ያዝኩት። ስጨርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ጥላዬ እግሬ ሥር ገብቷል። ልጄ ጎማ ሊያስነፋ ወጥቷል። ግቢው ውስጥ ከኔ በቀር ማንም የለም።

በሩ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ብረቱ ፊቴን ያሳየኛል፣ ደብዘዝ አድርጎ።

"ልጁ ሊነዳው ነው" አልኩ።

ዝም።

"ከሰማህ፣ ልጁ ሊነዳው ነው።"

ጓ።

አንድ ጊዜ። ከበሩ ውስጥ።

ቁም ማለቱ ነው።

ተነስቼ በሩን ከፈትኩት። ውስጡ አቧራ ነው፣ ወንበሩ ላይ የሸረሪት ድር። ዘጋሁት።

"ካልነዳው ባሕር ይሻገራል" አልኩት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው፣ ጎረቤት አበደች እንዳይለኝ። "ሰምተሃል? ፎቶው ይቀረኛል።"

ጓ።

"ምክንያቱን ንገረኝ።"

ዝም።

በሕይወት እያለም እንዲህ ነበር። ቁም ይላል፣ ለምን እንደሆነ አይናገርም።

"አንተ ሞተሃል" አልኩት። "ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።"

አንቲረስቱን ከፈትኩና ከጀርባው ጀምሬ ቀባሁ። እልህ ይዞኛል። የሹፌሩ በር ላይ ስደርስ እጁ እየወጣ ነበር። ሌሊት ጠብቆ አይደለም... ዐይኔ እያየ፣ በፀሐይ። መጀመሪያ መዳፉ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ ጣቶቹ አንድ በአንድ።

ብሩሹን አሳረፍኩበት። ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ያቃጥላል። እዚያች ቦታ ላይ ግን ቅዝቃዜው በጓንቱ አልፎ እጄ ድረስ መጣ።

ደራርቤ ቀባሁት። ጠፋ።

ከዚያ ቡራቡሬ ያመጣውን ሰማያዊ ቀለም ከልጄ ጋር ቀባነው። እጁ ዳግመኛ አልወጣም። መኪናው አምሮበት አዲስ መሰለ። ልጄ በደስታ ጎማዎቹን ሳይቀር ያጥባል። ጓደኞቹ ሄዱ፣ እሱ ቀረ። እኔ የፈለግኩት ይሄን ነው።

የተረፈ ቀለም ስለነበረ የግቢያችንን የብረት በርም ልቅባ ብዬ ዝገቱን አነሳሁ። መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ የሚወጣበት ቀን በሩ ገና ባዶ ብረት ነበር።

"በባዶ እጅህ እንዳትነካው" አልኩት ልጄን። በሩን እኔው በጓንት ከፈትኩለት።

መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ጓ።

ልጄ ፍሬን ያዘ። አንገቱን በመስኮቱ አወጣ።

"እማ፣ መታሽ እንዴ?"

እኔ በሩ ጋ ነኝ፣ ከመኪናው ሩቅ። ሁለቱም እጄ በሩን ይዟል። እሱም ያያል።

"ምን ሆነ?" አለኝ።

መኪናውን አየሁት። ልጄን አየሁት። ጓደኞቹ የሄዱበትን መንገድ አሰብኩ።

"እኔ ነኝ፣ በሩን መትቼ ነው" አልኩት። "ጎማው ሥር ድንጋይ ያለ መስሎኝ ነው።"

አጠገቡ ሄድኩና የመኪናውን ጎን በመዳፌ መታሁ።

ጓ ጓ።

ሄደ።

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ተመለሰ። ደህና ነው። አንድም ጭረት የለበትም። ከመኪናው ወርዶ የግቢውን በር ከውጭ በግራ መዳፉ ገፋ አድርጎ ከፈተው።

"አትንካ አላልኩህም?"

"ውይ፣ ረሳሁት እማ።"

ራት በላ። ስለ መንገዱ አወራኝ። እንጀራው ላይ ያሉትን ጣቶቹን ቆጠርኳቸው፣ ከዚያ የግራውንም ቆጠርኩ። ሁሉም አሉ። ምን ነካኝ ብዬ በራሴ ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ጠዋት በሩን ልቀባ ቀለሙንና ብርጭቆ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

ከውጭ በኩል ልጄ የገፋበት ቦታ ላይ እጁ እንደ ማኅተም ቁጭ ብሏል። ቡራቡሬ እንዳለው።

አራት ጣት ነው።

አውራ ጣቱ በቀኝ በኩል ነው። ግራ እጅ። ከውጭ የተነካ... ከብረት ውስጥ አይደለም።

ከግቢው ውስጥ ሞተሩ ተነሳ።

በተከፈተው በር ገባ ብዬ አየሁ። ልጄ መሪው ፊት ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ያያል። ግራ እጁ በመስኮቱ ወጥቶ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ከቆምኩበት ትንሿ ጣት አትታየኝም።

አይሄድም። የኔን መዳፍ ይጠብቃል።

ብርጭቆ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩ። ወደ መኪናው ሄድኩ፣ በኋላ በኩል ዞሬ፣ እጁን በማላይበት በኩል።

ሁለት ጊዜ መታሁለት።