ወደ ማላዊ የሚላከው ቪዲዮ

«ቀና በይ እማዬ፤ ባጃጁ ቆሟል፤ ሊገቡ ነው።»

ሰሊሆም የእናቷን ወገብ በነጠላ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ከጀርባዋ ሁለት ትራስ ደገፈችላት። እናቷ በለጥሽ ከንፈሯን ነክሳ ቀና አለች። ሐኪሙ «ዲስክሽ ተንሸራቷል፤ ተኚ፤ ምንም ነገር እንዳታነሺ» ካላት ሁለት ወር ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ጄሪካኑም፣ ድስቱም፣ የስድስት ዓመቱ ወንድሟ የአብስራም የሰሊሆም ሥራ ሆነዋል። ትናንት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ዴስክ ላይ ተደፍታ ተኝታ ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ደርሷል።

ይህን ሁሉ አባቷ አያውቅም።

አባቷ ኤርጫፎ ማላዊ ነው። አርባ ምንጭ ያለችው ቤተ ክርስቲያናቸው ሚስዮናዊ አድርጋ ከላከችው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሥራው በየገጠሩ ባሉ የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች እየዞረ መምህራንን ማሠልጠን ነው። በቅርቡ አንድ ዓመት ጨምር ተብሎ ሲጠየቅ «ቤተሰቤ እሺ ካለ» ብሎ መለሰ። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኗ የድጋፍ ኮሚቴ ዛሬ ቅዳሜ ቤተሰቡን በቪዲዮ ሊቀርጽ መጣ። ቪዲዮው ነገ በጉባኤ ፊት ይታያል፤ ለአባቷም ይላካል።

«ለሩቅ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም» አለች በለጥሽ በሹክሹክታ። «እዚያ ሆኖ ምን ያደርጋል? ሐሳብ ብቻ ነው የሚሆንበት። ደህና ነን በይ፤ በቃ።»

«መቼ ሌላ ብዬ አውቃለሁ» አለች ሰሊሆም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ እትዬ እጅጋየሁ ጃንጥላዋን እያጠፈች ገባች። የሲቀላ ሰፈር ሙቀት ፊቷን አውዝቶታል። ከኋላዋ ነህምያ ስልኩንና ማቆሚያውን ይዞ ተከተላት፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኗን ቪዲዮ ሁሉ የሚቀርጸው እሱ ነው።

«በለጡዬ፣ እንዴት አምሮብሻል። ወገብሽ ተሻለሽ?»

«ጌታ ይመስገን፣ ትንሽ ነው የቀረው።»

ትንሽ ነው አለች። ዛሬ ጠዋት ሽንት ቤት ደግፋ ያደረሰቻት ሰሊሆም ናት።

«ሐሙስ ሐሙስ እኮ ለወንድም ኤርጫፎ ሳንጸልይ ውለን አናውቅም» አለች እትዬ እጅጋየሁ እየተቀመጠች። «ነህምያ፣ እስቲ መጀመሪያ እሱ የላከውን አሳያቸው፤ ደስ ይበላቸው።»

ነህምያ ስልኩን ዘረጋላቸው። ኤርጫፎ ከስቷል፤ ፀሐይም አጥቁሮታል። ከኋላው አንድ ሽማግሌ መምህር ከአንዲት ትንሽ ልጅ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ደብተሯን ያያሉ። «እዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ዘጠና ልጅ አለ» ይላል አባቷ። «ለመምህራኑ ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ልጁ ‹ገባኝ› ሲላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ያፈረም፣ የደከመም፣ የራበውም ልጅ ‹ገባኝ› ይላል። አጠገቡ ቁጭ በሉና ‹እስቲ አሳየኝ› በሉት። ይኸው ጋሽ መምህር ሠላሳ ዓመት ካስተማሩ በኋላ ጀመሩት።»

ሰሊሆም ኮራችበት። ወዲያው ደግሞ ተናደደችበት፤ ለምን እንደሆነ ግን ለራሷም ቶሎ አልገባትም።

ቀረጻው ተጀመረ። በለጥሽ «ኤርጫፎዬ፣ ደህና ነን፤ በርታ፤ ከጎንህ ነን» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ግንባሯ ግን በላብ ተጠመቀ። የአብስራ ኳስ አምጣልኝ ብሎ ሮጠ። የሰሊሆም ተራ ደረሰ።

«ሰሊ፣ ፊትሽን ፈታ አድርጊው እንጂ» አለ ነህምያ። «ፈተና የወደቀ ሰው መሰልሽ እኮ።»

«አባዬ፣ ደህና ነን...» ብላ ቆመች።

«ችግር የለም፣ ድጋሚ እንሂድ። ፈገግ በይ።»

ወደ እናቷ አየች። በለጥሽ የትራሱን ጫፍ ጨምድዳ ይዛለች። ሰሊሆም ወደ ስልኩ ዞረች።

«አባዬ፣ እማዬ ታማለች። ሁለት ወር ሆናት። አሁንም በትራስ ደግፌ ነው ያስቀመጥኳት። እኔም ደክሞኛል፤ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል። ና እያልኩህ አይደለም። እነዚያ መምህራን እንደሚፈልጉህ አይቻለሁ። ግን አንተ ‹ገባኝ ሲላችሁ አትለፉት› ትላቸዋለህ፤ እኛ በየሳምንቱ ደህና ነን ስንልህ ለምን ታልፈናለህ? እኛንም እስቲ አሳዩኝ በለን።»

በለጥሽ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ቀስ ብላ ከትራሱ ላይ ተንሸራታ በጎኗ ተኛች፤ እንግዳ ፊት ስትተኛ የመጀመሪያዋ ነው።

እትዬ እጅጋየሁ በነጠላ የታሰረውን ወገብ አየች። «ሁለት ወር» አለች። «እኔ ደግሞ በስልክ ‹ተሻለሽ?› እያልኩ ነው የከረምኩት።»

«ይሄን ልቁረጠው?» አለ ነህምያ። «ነገ ጉባኤ ፊት...»

እትዬ እጅጋየሁ በለጥሽን አየች። በለጥሽ ዓይኗን ሳትገልጥ «የተናገረችው እሷ ናት፤ እሷን ጠይቋት» አለች።

ነህምያ ስልኩን ለሰሊሆም አሳያት። ስክሪኑ ላይ የቆመው ፊት የእሷ አልመሰላትም፤ የሆነች የደከመች ትልቅ ሴት ፊት ነው።

«ለጉባኤው የፈለጋችሁትን አሳዩ» አለች። «ለአባዬ ግን ሙሉውን ላክለት።»

ላከው። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ መዞር ብቻ ሆነች። ሁሉም ክቧን ሲያዩ ከውጭ የጎረቤት ድምፅ መጣ፤ «ሰሊ፣ ውሃ መጣ፤ ቶሎ በይ።»

ሰሊሆም እንደ ልማዷ ብድግ ልትል ጉልበቷን ያዘች። ከዚያ ተወችውና እናቷ እግር ሥር ተደላድላ ተቀመጠች።

«እትዬ» አለች፣ «ጄሪካኖቹ ከበሩ ጀርባ ናቸው።»